የሸማኔ ጉድጓድ ሲመልስ

የኮሶዬን ዳገት እየወጣን ሳለ ሸህ ተማም የማኪናውን በር በግራ እጃቸው ሁለት ጊዜ አንኳኩ። ጠቅ፣ ጠቅ። ፍሬን ያዝሁና ዳር አውጥቼ አቆምሁ። ሽማግሌ ሰው በጉዞ ላይ በር ሲያንኳኳ ሌላ ምን ይፈልጋል?

«ውኃ ሽንት ነው መሰል» አልሁ ወደ ኋላ ዞሬ።

ሸሁ አላዩኝም። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ጎህ ወደሚቀድበት ወገን ያያሉ። ከንፈራቸው ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለም። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ዙበይዳ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽንት አይደለም። ውኃ ጥምም አይደለም። ብርድም አይደለም።

«በቃ ሂድ ጋሽ ሰውአገኝ» አለችኝ። «እንዲህ ነው አባቴን የሚያደርገው። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አልጋ ላይ ከሆነ አልጋውን፣ ወንበር ላይ ከሆነ ወንበሩን ይመታል። ምን እንደሚፈልግ ማንም ሊገባው አልቻለም።»

እሺ ብዬ ማርሽ አስገባሁ። መቶ ሜትር ሳልሄድ ደገሙኝ። ጠቅ፣ ጠቅ። አሁንም አቆምሁ። ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳመላለስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ በር ተንኳኩቶ አላቆምም ብል እግሬ አይታዘዘኝም። ሦስተኛውን ጊዜ ሳቆም ግን ተነጫነጭሁ። «ኧረ ሸሁ፣ እንዲህ ከሆነማ መካነ ብርሃን የምንደርሰው ለገና ነው!» አልሁ። ፀሐይዋ ብቅ ስትል እሳቸው እጃቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ወደ ወንበሩ አዞሩ። በኋላ ማያው መስታወት ሳያቸው እንባ ቋጥረው ነበር። አፌን በቆረጠው አልሁ።

ሸህ ተማም በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ስማቸው የታወቀ ሸማኔ ናቸው። የእሳቸውን ጥበብ ያልለበሰች የጎንደር ሙሽራ የለችም ይባል ነበር፤ ክርስቲያኗም እስላሟም። ያለፈው ረመዳን ሊገባ ሲል ግን ስትሮክ ጣላቸውና ቀኝ ጎናቸው ሞተ፣ ምላሳቸው ታሰረ። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ልጃቸው ዙበይዳ አዘዞ ወዳለው ቤቷ አምጥታ ታስታምማቸው ጀመር። የእሷና የእኔ በር ፊት ለፊት ነው። ባለቤቴ አበቡ ሾርባ ይዛ ስትሄድ አብሬ ገብቼ እጠይቃቸዋለሁ። እኔ ሳወራ በግማሽ ከንፈራቸው ፈገግ ይሉልኛል። ዙበይዳ «አባቴ ለማንም እንዲህ አይልም» ስትለኝ ደግሞ ደረቴን እነፋለሁ።

ዳባት ላይ ሸሁን ማኪናው ውስጥ ካበላን በኋላ ቁርስ ስንበላ ዙበይዳ እንጀራውን ቆርሳ እንደያዘች ቀረች።

«ጋሽ ሰውአገኝ፣ አንተ ጠዋት ስትነሣ ምን ትላለህ?»

«አማትባለሁ። ሳላማትብ መሪ ይዤ አላውቅም።»

«እኛም አለን። ዚክር እንለዋለን፤ ማስታወስ ማለት ነው። ከንጋቱ ሶላት፣ ከሱብሒ በኋላ ‹አስበሕና› እንላለን፤ ‹ነጋልን፤ ግዛቱም ሁሉ የአላህ ሆኖ ነጋ› ማለት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ ‹አምሰይና›፣ ‹መሸልን፤ ግዛቱም ሁሉ የአላህ ሆኖ መሸ›። ከዚያ ሌላም ሌላም አለው፤ ምስጋናው፣ ምሕረት መለመኑ፣ ከክፉ ነገር መጠበቂያው። አባቴ ይህንን አንድ ቀን አስታጉሎ አያውቅም ነበር። ትኩሳት ይዞት እንኳ ይለው ነበር።»

«እና አሁን?»

«አሁንማ!» አለች፤ የያዘችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠች። «በስልኬ ዚክሩን የሚያነብ ሸጋ ድምፅ ያለው ቃሪእ አወጣሁለት። ጠዋትና ማታ ከፈትሁለት። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከመካ የመጣ ሙስበሃ እጁ ላይ አደረግሁለት፤ መቁጠሪያውን መሬት ጣለው። ደግሜ ሰጠሁት፤ ደግሞ ጣለው። ምላሱ መታሰሩን ችዬዋለሁ ጋሽ ሰውአገኝ። ልቡም ረስቶት ከሆነስ? አላህን ሳያስታውስ፣ እንዲህ ፊቱን እንዳዞረ ቢሞትብኝስ? ይኼን አልችለውም።»

«አይዞሽ» አልኋትና ሻይዋን አስጠጋሁላት።

የመጨረሻ ተስፋዋ አጎቷ አደም ነበር። እሷ ልጅ ሆና ሁለቱ ወንድማማቾች አዲስ ዓለም በነበረው ቤታቸው ጎን ለጎን በሁለት ጉድጓድ ተቀምጠው ይሸምኑ ነበር። የፋብሪካ ልብስ ገበያውን ሲያጠፋው አደም ወደ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ወጣ፤ በዚያ ብርድ ወፍራም ጋቢ ፈላጊ አይጠፋም ብሎ። እዚያው ቀረ። መንገዱ ተዘግቶ ከረመ፣ ስልኩም አይሠራም። መንገዱ ተከፈተ የተባለ ሳምንት ዙበይዳ በሬን አንኳኳች። የአደምን ድምፅ ከሰማ ይነቃ ይሆናል አለችኝ። እኔም የድሮ ቶዮታዬን ጎማ አየሁና እሺ አልሁ።

ከደባርቅ በላይ ጉም ተቀበለን። የጥቅምት ጉም ነው፤ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይሞላዋል። ፀሐይዋ ከየት በኩል እንደሆነች አይታወቅም። ጠዋት ነው ብትሉኝ እሺ፣ ማታ ነው ብትሉኝ እሺ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከጭጋጉ ወጥተው መንገዱ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ቀና ብለው ያዩንና እንደገና በጉሙ ውስጥ ይጠፋሉ። ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ጅብራው፣ ከግራና ከቀኝ ቆሞ ሰው ይመስላል። ዙበይዳ በጭንቀትም በድካምም እንቅልፍ ወሰዳት። ሸሁ ግን ነቅተዋል።

«ሸሁ፣ ይኼ መንገድ ነው ወይስ ሰማይ ነው?» አልኋቸው።

በግማሽ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ።

«እኔም አላውቅም። ገነት ከደረስን ይንገሩኝ፤ ማኪናውን ላጥበው።»

ትከሻቸው በሳቅ ተነቃነቀ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሄድን። የሞተሩ ድምፅ እንኳ ጉሙ ውስጥ ሰጥሞ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። የተኛሁም መስሎኝ ደንግጬ ዓይኔን አሸሁ። የቧሂትን ተራራ ተሻግረን ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ከበላያችን ቀረ፤ ከታች የበሰለ ገብስ ማሳ ቢጫ ሆኖ ታየ።

መካነ ብርሃን ዳር ስንደርስ ከመንገዱ አጠገብ አንድ ረጅም ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። መስታወቴን አወረድሁ።

«ጤና ይስጥልኝ አያ። የሸማኔውን የአደምን ቤት ያውቁታል?»

ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ዙበይዳን፣ ከዚያ ጋቢ የለበሱትን ሸህ አዩ። እሳቸው ላይ ዓይናቸው ቀረ።

«ወንድሙ ነዎት» አሉ። «ግንባራችሁ አንድ ነው። ወይኔ! ምነው እስካሁን ሳትመጡ? ምነው?»

አደምን በሰኔ ነበር የቀበሩት። ሰው ልከው ከደባርቅ እስላሞች መጥተው እንደ ሥርዓቱ አጠቡት፣ ገነዙት፤ መቃብሩን የቆፈሩት ግን የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ሸህ ተማም በመስታወቱ በኩል ግራ እጃቸውን ዘረጉላቸው። ሽማግሌውም ያዙት። ዙበይዳ ግን ከማኪናው ወርዳ ጎማው ሥር ቁጭ አለች።

«አለቀ» አለች። «አለቀ በቃ።»

«ምኑ ነው ያለቀ?» አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው። «እንግዳ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቀሰ እንደሆነ ለእኔ ነውር ነው። ተነሽ ልጄ። ቤቱ አለ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። እኔ ዳኛው እባላለሁ፤ የአደም ጎረቤቱ ነበርሁ።»

የአደም ቤት አንድ ክፍል ነው። ሸሁን ደግፈን አስገብተን መደቡ ላይ አስቀመጥናቸው። መሬቱ ላይ የሸማኔው ጉድጓድ አለ፤ ድሩ ተወጥሯል፣ ግማሽ የተሸመነ ጋቢ ላዩ ላይ አለ። እኔ እንግዲህ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ የማይመለከተኝን ነገር አያለሁ። አደም የሞተው በሰኔ ነው። እንጨቱ ላይ ግን ቅንጣት አቧራ የለም፤ ክሩም ትናንት የተወረወረ ይመስላል።

«ሸጋ አድርገው ነው የጠበቁት አያ ዳኛው» አልሁ።

«እ... አዎ፣ አይጥ እንዳይበላው እያልሁ ነው» አሉና ጣራውን አዩ። ጢማቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ተሰክቷል።

ቆሎና አረቄ ቀርቦ፣ አረቄው የእኔና የአያ ዳኛው ብቻ ሆኖ፣ ስንቀመጥ ፀሐይዋ ወደ ገደሉ አፋፍ ዘቀዘቀች። ቢጫ ብርሃን በበሩ ገብቶ ድሩ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ሸህ ተማም ግራ እጃቸውን አንሥተው የመደቡን ጠርዝ መቱ። ጠቅ፣ ጠቅ።

ዙበይዳ ዓይኗን ጨፈነች። አያ ዳኛው ግን ቆሎ የያዘ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይቺማ የአደም ናት!» አሉ።

«ምኗ?» አለች ዙበይዳ።

«ይቺ መምታት። አደም ጠዋትና ማታ ሥራውን ሲጀምር በግራው እንዲህ ሁለት ይመታል። ከዚያ በቀኙ ማግ የሚያጠብቀውን እንጨት አንድ ጊዜ ይስበዋል፤ ጠቅ! ያኔ ጸሎቱን ይጀምራል። መወርወሪያውን በወረወረ ቁጥር አንድ ይላል፤ እንጨቱ ይቆጥርለታል። መቁጠሪያ ይዞ አይቼው አላውቅም። ‹ምነው አያ አደም፣ ለብቻህ ትጠይቃለህ፣ ለብቻህ ትመልሳለህ?› ብዬ ብጠይቀው ‹መላሹ እኔ ነበርሁ፤ ጠያቂው ጎንደር ቀረ። እሱም እንደኔው ለብቻው ያደርገዋል› አለኝ።»

ሁላችንም ወደ ሸሁ ዞርን። ግራ እጃቸው መደቡ ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ወደቀ ነው፤ ከረመዳን ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ጠያቂው እጅ ተርፎ መላሹ ነበር የሞተው።

«ካልተመለሰለትስ?» አለች ዙበይዳ በቀስታ።

አያ ዳኛው የያዙትን ቆሎ መለሱ። «ነገሩ የድሮ ነው ልጄ። አደም እንዳጫወተኝ፣ በአዋጁ ዘመን፣ እስላም ሁሉ ክርስትና ይነሣ በተባለ ጊዜ ነው። ያ ዘመን ክፉ ነበር፤ የኛም አባቶች ሲያነሡት አንገታቸውን ይደፉ ነበር። የናንተ ቅድመ አያቶች ሁለት ወንድማማች ሸማኔዎች ነበሩ አሉ። በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ ይሠራሉ። መቁጠሪያ መያዝ አይቻል፤ ድምፅ ማሰማት አይቻል፤ ጆሮ ጠቢ ደጅ ለደጅ ይዞራል። ስለዚህ አንዱ በእንጨቱ ሁለት ይመታል። ‹አለህ ወይ? ሰላም ነው?› ማለቱ ነው። ሰላም ከሆነ ወንድሙ አንድ ይመልሳል፤ ያኔ ይጀምራል። ካልተመለሰ ግን አደጋ አለ ማለት ነው። ቃሉን በልቡ ይዞ አፉን ይዘጋል። ልጆቻቸውንም እንዲሁ አስተማሩ። ዘመኑ አልፎ እንኳ አልተዉትም።»

ዙበይዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አልረሳም» አለች። «ያ አላህ፣ አባቴ አልረሳም! በየቀኑ ሲጠይቀኝ ነው የከረመ። መላሽ ሲያጣ ነው አፉን የዘጋው። ልጅ ሆኜ ስሰማው የሥራው ድምፅ ይመስለኝ ነበር። እኔ ስልክ እከፍትበታለሁ!»

ብርሃኑ ከድሩ ላይ እየሸሸ ነበር። ሸሁ ደግመው መቱ። ጠቅ፣ ጠቅ።

«አያ ዳኛው፣ ይመልሱልኝ» አለች ዙበይዳ። «እርስዎ ያውቁታል። በሞቴ!»

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው ተነሥተው። «እኔ ገበሬ ነኝ ልጄ፤ ያውም የባለርስት ልጅ። ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ አገሩ ቢያየኝ ምን ይለኛል? ልጆቼን ማን ያገባቸዋል?»

ዛሬም በዚያ አገር የእጅ ሥራ የሚንቅ ሰው ሞልቷል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ጊዜ አልነበረንም።

«አያ ዳኛው፣ ጢምዎ ላይ ያለው ጥጥ ነው ወይስ ሽበት?» አልሁ።

ጢማቸውን ዳበሱ። ጥጡ ጣታቸው ላይ መጣ። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ፈሩ፣ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ዝጋው!» አሉኝ። «በሩን ዝጋው አንተ የጎንደር ምላሰኛ! በክረምት ሥራ ስንፈታ አደም ነው ያስተማረኝ። ከሞተ ወዲህ በሩን ዘግቼ ነው የምሠራ። ሚስቴ እንኳ አታውቅም።»

በሩን ዘጋሁ። ብርሃን በስንጥቁ ብቻ ቀረ። አያ ዳኛው ጫማቸውን አውልቀው፣ ዱላቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። እግራቸውን መርገጫው ላይ አደላደሉ። ሸሁ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ ትንፋሻቸው ይሰማል።

ጠቅ፣ ጠቅ፤ አሉ ሸሁ።

አያ ዳኛው እንጨቱን ሳቡት። ጠቅ።

ከሸህ ተማም ጉሮሮ አንድ ሻካራ ነገር ወጣ። ተሰበረ፣ ተነሣ።

«አምሰይና...» አሉ። «አምሰይና ወአምሰል ሙልኩ ሊላህ...»

ድምፅ! ከረመዳን ጀምሮ አንድ ፊደል ያልወጣበት አፍ ነው። እኔ ዱላውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። መወርወሪያው ከወዲህ ወዲያ ሄደ፣ እንጨቱ ተመለሰ፣ ቃሉ ተከተለ፤ እንደገና ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። አንዳንዱ ቃል ግማሹ ይጠፋባቸዋል፤ እንጨቱ ሲመታ ግን ያገኙታል። ዙበይዳ እያለቀሰች አብራ ትል ነበር። በስንጥቁ የገባችው ብርሃን ከጋቢው ላይ ወጥታ ግድግዳው ላይ ወጣች፤ ደበዘዘች፤ ሄደች። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። እኔ ያን ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ ከአደምም ከቅድመ አያቶቹም ጋር የተቀመጥሁ መስሎኝ ነበር፤ አረቄውም አይደለም፣ አልጠጣሁትም።

ሲጨርሱ ሸሁ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው የአያ ዳኛውን ትከሻ በግራ እጃቸው ያዙ። ሊናገሩ ሞከሩ፤ ሌላ ቃል ግን አልመጣላቸውም። አያ ዳኛውም ቀና ብለው «ኧረ ምንም አይደለ አያ፣ ምንም አይደለ» እያሉ የሸሁን እጅ ሳሙት።

ያን ዕለት ከራት በኋላ ዙበይዳ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ መመለሱን ስትለማመድ አመሸች። አያ ዳኛው እንደ መሪጌታ ዱላ ይዘው ያርሟታል፤ «ቀስ! ምነው ትቸኩያለሽ? ማስተማር ታውቂ የለም ወይ? እስቲ መማር ደግሞ ልመጂ!» ይላሉ። እኔ ሳቄን በጋቢ አፍኜ ተኛሁ።

በማግስቱ ማለዳ፣ አባትና ልጅ ሱብሒ ሰግደው እንዳበቁ፣ ዙበይዳ ማስተማር ስላለባት ወዲያው ተነሣን። አያ ዳኛው ማግ የሚያጠብቀውን እንጨት ፈትተው ሰጧት። «የአደም ነው፤ ለወንድሙ ይገባል። እኔ ሌላ እጠርባለሁ» አሉና ግራ ቀኝ አይተው ዝቅ ባለ ድምፅ «በሩን ዘግቼ» አሉ። እንጨቱን በጋቢ ጠቅልላ ከኋላ ጫነችው። ሸሁ በመስታወቱ በኩል የአያ ዳኛውን እጅ ይዘው ማኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ አለቀቁም።

የቧሂትን ዳገት ስንጀምር ጉሙ ጠበቀን። ሰማዩ ገና አልነጣም። በኋላ ማያው መስታወት አየሁ፤ ዙበይዳ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ስትለማመድ አምሽታ ነበር፤ ከረመዳን ወዲህ እንዲህ አርፋ የተኛች አይመስለኝም። ሸሁ ነቅተው ነጩን ጉም ያያሉ።

ጠቅ፣ ጠቅ።

እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ላንቃት? ዞር ብዬ አየኋትና አሳዘነችኝ። እስክትነቃ ልተዋቸው? ጉሙ በምሥራቅ በኩል መንጣት ጀምሯል።

ጠቅ፣ ጠቅ።

ፊቴን አማተብሁ፤ ጠዋት ነዋ፣ የእኔም ጠዋት ነው። ከዚያ ቀኝ እጄን ከመሪው አንሥቼ ፊት ለፊቴ ያለውን የማኪናውን ሰሌዳ በጣቴ አጥንት አንድ ጊዜ መታሁት። ጠቅ።

«አስበሕና» አሉ ሸህ ተማም ከኋላዬ።

ፍሬን አልያዝሁም።